አኒሜ ስትመለከቱ ገጸ ባሕርያቱን እንዴት በቅርበት ማወቅ ትችላላችሁ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሕር ዳር፣ ከፔዳ ግቢ ብዙም በማይርቀው ቤታችን ውስጥ፣ «ፉልሜታል አልኬሚስት፦ ብራዘርሁድ» የተባለውን ባለ 64 ክፍል ተከታታይ አኒሜ (በሥዕል የሚሠራ የጃፓን ፊልም) በአራት ቀን ጨረስሁ። ፍጥነቱን አንድ ተኩል እጥፍ አድርጌ፣ መክፈቻና መዝጊያ ዘፈኑን እየዘለልሁ፣ ሰዎች ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበት ትዕይንት በመጣ ቁጥር ወደ ፊት እየገፋሁ፣ ውጊያ ውጊያውን ብቻ እየለቀምሁ ነበር የተመለከትሁት። ከዚያም ፍላሹን ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት። እርሷ በተለመደው ፍጥነት በቀን ሁለት ክፍል ብቻ ትመለከት ስለ ነበር፣ በአምስተኛው ቀን ማታ ክፍሏ ስገባ አሥረኛው ክፍል ላይ ደርሳ ስታለቅስ አገኘኋት። ምን እንደ ሆነች ስጠይቃት አንድ ሰው መሞቱን ነገረችኝ፤ እኔ ግን የሰውየውን ስም እንኳ ማስታወስ አልቻልሁም። «ጋሼ፣ አንተ ሰውየውን መቼ አወቅኸውና!» አለችኝ።

ከዚያ ምሽት በኋላ ተከታታዩን ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደ ገና አየሁት። ከዚህ በታች የምጽፈው አካሄድም ያኔ ከሠራሁት ስህተት የተገኘ ነው። ማን ማንን እንዳሸነፈ፣ መጨረሻው ምን እንደ ሆነ ያየ ሰው በአምስት ደቂቃ ሊነግራችሁ ይችላል። ሰዎቹን ማወቅ ግን እንደ ጎረቤት ሁሉ አብሮ መዋልን ይጠይቃል፤ ይህን ሌላ ሰው ሊያደርግላችሁ አይችልም።

መጀመሪያ፦ ልክ ያለው ተከታታይ ምረጡ

የአንድ ተከታታይ አንዱ ወቅት (ሲዝን) አብዛኛውን ጊዜ 12 ወይም 13 ክፍል ይኖረዋል፤ አንዱ ክፍል ከነዘፈኖቹ 24 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ጀማሪ የሆነ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ እየተላለፈ ከ1,000 ክፍል በላይ በደረሰው «ዋን ፒስ» እንዲጀምር አልመክርም። የመጀመሪያው ልምምድ 26 ክፍል ባለው «ካውቦይ ቢባፕ» ቢሆን ይሻላል፤ በአንዲት የጠፈር መርከብ የሚኖሩ አራት ሰዎችና አንድ ውሻ ስለሆኑ ዋናዎቹን ለይቶ መያዝ አያስቸግርም።

ሁለተኛ፦ ድምፁ ጃፓንኛ ይሁን፣ ፍጥነቱም አይነካ

በእንግሊዝኛ ድምፅ የተሠሩ ጥሩ ጥሩ ቅጂዎች መኖራቸውን አልክድም፤ ነገር ግን ቀጥሎ የማብራራው ዋናው ደረጃ በዋናው ቋንቋ ካልሆነ በቀር አይሠራም። የጆሮ ማዳመጫ ተጠቀሙ፤ አንድ ሰው መልስ ከመስጠቱ በፊት ዝም የሚልባት ቅጽበት የጠባዩ አካል ናት፣ በስልክ ድምፅ ማጉያ ግን ትጠፋለች። የፍጥነት መጨመሪያውን በተመለከተ ደግሞ፣ ለተከታታይ ፊልም ከተሠሩ መሣሪያዎች ሁሉ የከፋው እርሱ ነው የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ፊልም የምታስቀዱ ከሆነ የትርጉም ጽሑፉ ከንግግሩ ጋር መግጠሙን እዚያው አረጋግጡ። እኔ አንድ ጊዜ ሳላየው ወደ ቤት የወሰድሁት ቅጂ ጽሑፉ በሦስት ሴኮንድ ያህል ወደ ኋላ የቀረ ስለ ነበር፣ የአንዱን ሰው ቃል ለሌላው እየሰጠሁ ሁለት ክፍል ሙሉ ተሳስቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠማችሁ በኮምፒውተር ላይ ቪኤልሲ የተባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ከፍታችሁ በ«ጂ» እና በ«ኤች» ቁልፎች የጽሑፉን ጊዜ ማስተካከል ትችላላችሁ።

ሦስተኛ፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች ደብተር ይዛችሁ እዩ

በእነዚህ ክፍሎች ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ አትጣደፉ። ለእያንዳንዱ ሰው ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ሰው ሲያየውና ብቻውን ሲሆን ምን ያህል እንደሚለያይ ጻፉ። ለምሳሌ በ«ብራዘርሁድ» ውስጥ ኤድዋርድና አልፎንስ የተባሉት ወንድማማቾች የሞተች እናታቸውን ለመመለስ ሞክረው፣ ታላቁ ግራ እግሩንና ቀኝ እጁን፣ ታናሹ መላ አካሉን ማጣታቸውን ማንም ተመልካች ይይዛል። ደብተሩ የሚጠቅመው ግን ከዚህ በታች ላለው ነገር ነው፦ ኤድዋርድ ስለ ቁመቱ ሲነኩት በቁጣ የሚገነፍለው ልጅ፣ ስለ ወንድሙ ሲነሣ ግን ለምን ድምፁ እንደሚወርድ።

ስም ስትጽፉ አንድ ነገር ልብ በሉ። በጃፓንኛ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ «ናሩቶ» በተባለው አኒሜ ዋናው ባለታሪክ «ኡዙማኪ ናሩቶ» ሲባል የልጁ የራሱ ስም ናሩቶ ነው። የእንግሊዝኛው ትርጉም አብዛኛውን ጊዜ ቅደም ተከተሉን ስለሚገለብጠው ጆሯችሁ አንድ፣ ዓይናችሁ ሌላ ይነግራችኋል። የራስን ስም አስቀድሞ የአባትን ማስከተል ለለመደ አንባቢ ይህ በቀላሉ ያምታታል።

አራተኛ፦ ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ አድምጡ

ከባዱም ዋናውም ደረጃ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ። አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተሻለ መነሻ አለው። እኛ ዘንድ ትናንት «እርስዎ» ይባባሉ የነበሩ ሁለት ሰዎች ዛሬ «አንተ» መባባል ከጀመሩ፣ ሌላ ምንም ሳይነገረን በመካከላቸው አንድ ነገር እንዳለፈ እናውቃለን፤ ወይ ተዋድደዋል፣ ወይ ተጣልተዋል። ታናሽ ታላቁን «ጋሼ» ማለቱን ትቶ ስሙን ባዶውን ቢጠራ ቤቱ በሙሉ ቀና ብሎ ያያል። ጃፓንኛም ይህን ሁሉ ያውቃል፣ ነገር ግን መቀራረቡንና መራራቁን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳየው ከስም በኋላ በሚቀጠል ቃል ነው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ጨፍልቆ ስለሚያልፈው፣ ማዳመጥ የእናንተ ሥራ ይሆናል።

«ሳን» ለአብዛኛው ሰው የሚሆን የተለመደ አክብሮት ነው። «ኩን» በብዛት ለወንዶች ልጆችና ለበታች፣ «ቻን» ለሕፃናት፣ ለልጃገረዶችና ለሚወደድ ሰው ይነገራል፤ እኛ በስም ላይ «ዬ» ጨምረን እንደምናቆላምጠው ማለት ነው። «ሳማ» ለጌታና ለእጅግ የተከበረ ሰው ሲሆን፣ «ሰንሰይ» መምህርም ሐኪምም ይጠራበታል። ምንም ሳይቀጠልበት የተጠራ ስም ደግሞ ወይ የልብ ወዳጅነትን፣ ወይ ንቀትን ያመለክታል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚነግራችሁ ትዕይንቱ ነው።

በ«ናሩቶ» ውስጥ ሳኩራ አንዱን የክፍል ጓደኛዋን «ሳስኬ-ኩን» ስትል ሌላውን ግን «ናሩቶ» ብላ ባዶውን ትጠራዋለች፤ እርሱ በአንጻሩ ሁልጊዜ «ሳኩራ-ቻን» ይላታል። ሂናታ የተባለችው ዓይነ አፋር ልጅ ደግሞ «ናሩቶ-ኩን» ትለዋለች። ከመንደሩ ሰው ሲገፋ ያደገው ይህ ልጅ ስሙ በማን አፍ እንዴት እንደሚወጣ ያዳመጠ ተመልካች፣ ማን እንደ ሰው እንደሚቆጥረው ከማንም ማብራሪያ በፊት ያውቃል። ከ6ኛው እስከ 19ኛው ክፍል ባለው ታሪክም ሃኩ የሚባለው ልጅ ያሳደገውን ነፍሰ ገዳይ «ዛቡዛ-ሳን» እያለ ይጠራዋል፤ ራሱን የዛቡዛ መሣሪያ አድርጎ የሚቆጥር ልጅ በዚያች አንዲት «ሳን» ውስጥ ያስቀመጠውን ፍቅር ካልሰማችሁ፣ የታሪኩ መጨረሻ ላይ ዛቡዛ ለምን እንደሚያለቅስ በሙሉ አይገባችሁም።

ሰው ራሱን የሚጠራበትም መንገድ ይለያያል። እኛ «እኔ» ብለን እናልፋለን፤ በጃፓንኛ ግን «ዋታሺ» ጨዋና ገለልተኛ፣ «ቦኩ» ለስለስ ያለ የወንድ ልጅ፣ «ኦሬ» ኮስተር ያለ ወይም ዘና ያለ የወንድ አነጋገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው «ኪሚ ኖ ና ዋ» በተባለው ፊልም አንዲት ልጃገረድ ነፍሷ በአንድ ወንድ ልጅ አካል ውስጥ ሆኖ ስትነቃ፣ ከጓደኞቹ ጋር ስታወራ «ዋታሺ» ትላለች፤ ግራ ሲጋቡባት «ዋታኩሺ» ትላለች፣ ቀጥላም «ቦኩ»፤ በመጨረሻ «ኦሬ» ስትል ነው ልጆቹ እሺ ብለው ራሳቸውን የሚነቀንቁት። ይህን ለማየት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅባችሁም፣ ከዚያ በኋላ ግን ጆሯችሁ ሌላ ጆሮ ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የደብተሩን ገጽ ለሁለት ክፈሉት፤ በግራ የሰውየውን ስም፣ በቀኝ እርሱ ሌሎቹን እንዴት እንደሚጠራቸው ጻፉ። አጠራሩ በተለወጠ ጊዜ የክፍሉን ቁጥር ከጎኑ አስፍሩና ፊልሙን ገታ አድርጋችሁ፣ «ይህ ሰው ጎጃሜ ቢሆን አሁን አንተ ይለው ነበር ወይስ እርስዎ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። እዚህ ላይ እኔ የወደቅሁበትን ጉድጓድ ልጠቁማችሁ፤ መጀመሪያ ላይ «ሳን» የተባለውን ሁሉ በጭንቅላቴ ወደ «እርስዎ» እመልስ ነበር፣ በዚህም እኩዮች የሆኑ የሥራ ባልደረቦችን የተራራቁ አድርጌ ተረዳኋቸው። ዓረፍተ ነገሩ በ«ዴስ» ወይም በ«ማስ» ማለቁንም አብራችሁ አድምጡ፤ የትሕትናውን ልክ የሚወስነው ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

አምስተኛ፦ በፊቱ አትፍረዱ

ከባሕር ዳር በጀልባ ተሳፍሮ ዘጌ የደረሰ ሰው የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች ሲመለከት አንድ ሥርዓት ያስተውላል፤ ጻድቃን ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሚታዩበት ሙሉ ፊት፣ ክፉዎች ግን በጎን አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ይሣላሉ። ከልጅነታችን ጀምሮ ይህን እያየን ስላደግን ከመልክ ጠባይን ማንበብ ይቀናናል። በአኒሜ ይህ ልማድ ያሳስታል። በ«ሞንስተር» ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1986 ዱሰልዶርፍ ውስጥ ኬንዞ ቴንማ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም የከተማውን ከንቲባ ትቶ፣ ቀድሞ የመጣለትን ራሱን በጥይት የተመታ ልጅ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ያድናል፤ ያ ልጅ ዮሐን ነው፣ አድጎም ርኅራኄ የማያውቅ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል። ፊቱ ግን እስከ መጨረሻው የተረጋጋና ያማረ ነው። ስለዚህ ዓይኑን ትታችሁ እርሱ ሲገባ ማን ዝም እንደሚል፣ ማን እንደሚስቅ፣ ማን ወንበሩን እንደሚያስጠጋ ተመልከቱ።

ስድስተኛና ሰባተኛ፦ የሚዘለለውን ከማይዘለለው ለዩ፣ ከሰውም ጋር ተወያዩ

የመጀመሪያው «ናሩቶ» 220 ክፍሎች አሉት፤ ከ136ኛው ጀምሮ ያለው አብዛኛው ክፍል ከማንጋው (አኒሜው ከተሠራበት የሥዕል መጽሐፍ) ያልተወሰደ ማራዘሚያ ስለሆነ ብትዘሉት ብዙም አይጎዳችሁም። ጸጥ ያሉ ትዕይንቶችን መዝለል ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው። ቀጥሎ የምጽፈው «ብራዘርሁድን» ላላየ ሰው ምስጢር ስለሚያወጣ፣ የምትፈልጉ ይህን አንቀጽና ተከታዩን እለፏቸው። መግቢያው ላይ ያነሣሁት ሟች ማስ ሂዩዝ ይባላል። ያገኘውን ሰው ሁሉ እያስቆመ የትንሽ ልጁን የኤሊሺያን ፎቶግራፍ ያሳያል፤ በሥራ ሰዓት ለጓደኛው ለሮይ ማስታንግ ደውሎ ስለ እርሷ ያወራል፤ በልደቷም ቀን እንግዳዋን ዊንሪን ቤቱ ይዟት ይሄዳል። እኔ ወደ ፊት እየገፋሁ ያለፍኋቸው እነዚህን ነበር። በቀብሩ ላይ ኤሊሺያ አባቷ ገና ብዙ ሥራ እንዳለበት እየተናገረች ለምን አፈር እንደሚያለብሱት ትጠይቃለች፤ ማስታንግም በጠራ ሰማይ ሥር ቆሞ «ዝናብ ጣለ» ይላል፣ በጉንጩም ላይ አንድ ጠብታ ይወርዳል። ፎቶግራፎቹን ያላየ ሰው ይህን ትዕይንት ቢያየውም አላየውም።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረውና 51 ክፍል ያለው የቀድሞው «ፉልሜታል አልኬሚስት» ይህንኑ ሞት የሚያሳየው በ25ኛው ክፍል ነው። ሰውየው ያው፣ ሞቱም ያው ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱንም ያዩ ብዙ ሰዎች የቀድሞው ይበልጥ እንደሚያም ይናገራሉ፤ እኔም እንደዚያው ነው የተሰማኝ። ልዩነቱ ከሰውየው ጋር የተዋወቅንበት ጊዜ ርዝመት ነው።

መወያየትን በተመለከተ፣ እኔና እህቴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጣና ዳር እየሄድን በሳምንቱ ያየናቸውን ሰዎች ጉዳይ እናነሣለን። አንድ ገጸ ባሕርይ ሊወስን ሲል ፊልሙን ገትቶ ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ መናገር፣ ምክንያቱንም ከደብተሩ ማሳየት ከሁሉ የሚሻል ፈተና ነው። ተሳስታችሁ ከሆነ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ የትኛውን ምልክት እንዳልሰማችሁ ፈልጉ።

በሁለት ወቅቶች መካከል ረጅም ጊዜ ካለ፣ አዲሱን ከመጀመራችሁ በፊት የድሮውን ገጽ አንብቡ። የ«ቪንላንድ ሳጋ» የመጀመሪያው ወቅት እ.ኤ.አ. በ2019፣ ሁለተኛው በ2023 ነው የተላለፈው። እህቴ ስለ ዋናው ባለታሪክ ስለ ቶርፊን የጻፈችው የመጨረሻ መስመር «የአባቱን ደም ከመመለስ ሌላ ሐሳብ የለውም» ይል ነበር፤ ያን አንብበን ሁለተኛውን ወቅት ስንከፍት ታሪኩ አይናር በተባለ ፈጽሞ በማናውቀው ሰው ጀመረ። እህቴም ፊልሙን አስቁማ አዲስ ገጽ ገለጠችና ለሁለት ከፈለችው።