በወገብ የምትያዝ ሽጉጥ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ስለ ሽጉጥ ሲወራ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምንድን ናት?» የሚል ነው። ማካሮቭ፣ ስታር፣ ኮልት፣ ቱርክ። ስሟ ከተጠራ በኋላ ዋጋዋ ይከተላል። ጥይቷ የቱ ነው፣ ለእጅ ትመቻለች ወይ፣ ቀን ሙሉ ወገብ ላይ ስትውል ምን ታደርጋለች የሚለው ግን ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው የሚታሰበው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚህ ከተገለበጠ ቅደም ተከተል ነው።

ወረቀቱን ለኋላ ማቆየት

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ ወንጀል መሆኑ ምንም የሚያከራክር ነገር የለውም። «አባቴም ይይዝ ነበር» ወይም «አገሩ ሁሉ ታጥቋል» የሚለው ፍርድ ቤት ሲቀርቡ አያድንም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ሻጭ ሳይሆን ወደ ፖሊስ ነው። እዚያም ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የትኛው ዓይነት መሣሪያ ይፈቀዳል፣ ፈቃዱ ቤት ለማስቀመጥ ብቻ ነው ወይስ ይዞ ለመንቀሳቀስም፣ ይዞ መግባት የተከለከለባቸው ቦታዎችስ የትኞቹ ናቸው። በክልሉ ጸጥታ ምክንያት መመሪያዎች ሊለዋወጡ ስለሚችሉ ካቻምና የሰሙትን ይዘው አይግዙ።

መሣሪያው ላይ የተቀረጸው ቁጥር ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ መመሳሰል አለበት። ቁጥሩ የተፋቀ፣ የተዶለዶመ ወይም እንደገና የተመታ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። ማን እጅ ላይ እንደነበረና ምን እንደተሠራበት አይታወቅም፤ ተጠያቂው ደግሞ የመጨረሻው ያዥ ነው።

የድምፅ ሽጉጥን እንደ እውነተኛ መግዛት

ይህ ስህተት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጣትና ዓይን ያስከፍላል። ቱርክ ውስጥ ለድምፅ ብቻ ተብለው የሚሠሩ፣ መልካቸው ግን ከእውነተኛው የማይለይ ሽጉጦች አሉ። አንዳንዶቹ በርሜላቸው ተነካክቶ እርሳስ እንዲተኩሱ ይደረግና «አዲስ ቱርክ» እየተባሉ ይሸጣሉ። አካላቸው ብረት ሳይሆን የዚንክ ቅይጥ ነው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀልጣል፤ ሽጉጥ የሚሠራበት ብረት ግን ከ1,400 በላይ ይፈልጋል። የእውነተኛ ጥይት ግፊት ሲያርፍበት ቅይጡ ይሰነጠቃል፤ የላይኛው ተንሸራታች ክፍል ተሰብሮ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመጣም ይችላል። አምስት ጊዜ በደህና መተኮሱ ለስድስተኛው ዋስትና አይሆንም፤ ስንጥቁ ከውስጥ እየሰፋ ነው የሚሄደው።

ለመለየት ትንሽ ማግኔት ይበቃል። የዘመኑ ሽጉጥ እጀታ ፕላስቲክ ወይም አልሙኒየም ሊሆን ስለሚችል እዚያ ላይ መሞከር ዋጋ የለውም። የላይኛው ተንሸራታችና በርሜሉ ግን ማግኔት መሳብ አለባቸው። ካልሳቡ ነገሩ አልቋል። ጽሑፉንም ያንብቡ፦ ከ9 ሚሊሜትር ቀጥሎ ፒ፣ ኤ እና ኬ የሚሉ የላቲን ፊደላት ካሉ የድምፅ ጥይት መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለውን ጠጋኝ ዘንድ መውሰድ ምንም አይፈይድም፤ የሚጠገን ነገር የለውም።

«ዘጠኝ ነው» ብሎ ጥይት መግዛት

ዘጠኝ ሚሊሜትር የሚባለው አንድ ጥይት አይደለም። በየቦታው የሚታዩት ሦስት ናቸው፦ 9 በ17፣ 9 በ18 እና 9 በ19። ሁለተኛው ቁጥር በሚሊሜትር የተለካ የቀለህ ርዝመት ነው። ማካሮቭ የምትበላው 9 በ18ን ነው፤ ግሎክ 19 ደግሞ 9 በ19ን። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ እርሳሳቸው እንኳ እኩል አይደለም፤ የማካሮቭ 9.27 ሚሊሜትር ሲሆን የሌሎቹ ከ9.03 አይበልጥም።

9 በ19ን ማካሮቭ ውስጥ ቢከቱ ቀለሁ ስለሚረዝም ተንሸራታቹ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በመዳፍ መትቶ ለማስገባት መሞከር ደግሞ ትልቅ አደጋ ነው። 9 በ17 በተቃራኒው ገብቶ ሊተኮስም ይችላል፤ ነገር ግን እርሳሱ ለበርሜሉ ስለሚጠብ በርሜሉ ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚያሽከረክር ጥርስ አይይዝም፤ ዒላማውን ይስታል፣ ቀለሁም በአግባቡ ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ያለውን ሳይሆን በርሜሉ ወይም ተንሸራታቹ ላይ የተጻፈውን ይከተሉ። የተጻፈ ነገር ከሌለ፣ መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው በርሜሉን ለክቶ ሳያረጋግጥ አንድም ጥይት አያጉርሱ።

ያረጁ የሶቪየት ዘመን ጥይቶች ሌላ ጣጣ አላቸው። የብዙዎቹ መቀጣጠያ (ከቀለሁ ሥር ያለው እሳት ጫሪ) በርሜል ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨው እርጥበት ይስባል፤ በጎንደር ክረምት በጥቂት ቀናት ዝገት ያበቅላል። ዘይት ብቻ ጨውን አያወጣም። ከተኮሱ በዚያው ቀን በርሜሉን በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ስስ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል።

የጉልበት ፍቅር

ቶካሬቭ በ7.62 በ25 ጥይቷ ትከበራለች። እርሳሷ በሰከንድ ከ400 ሜትር በላይ ይበራል፤ የማካሮቭ ግን 315 ሜትር አካባቢ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ቶካሬቭን ያስቀድማል። ቤትዎ ግን ምንድን ነው? ግድግዳው ጭቃ፣ በሩ ቆርቆሮ፣ ከጎን የጎረቤት መኝታ ቤት ከሆነ ይህ ጉልበት ጠላትዎ ነው። ቆርቆሮ የትኛውንም የሽጉጥ ጥይት አያቆምም፤ የጭቃ ግድግዳንም ማመን አይቻልም። የሳተችዋ ጥይት ከወዲያ በኩል የተኛ ሰው ታገኛለች። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን የሚፈቅደው ሕገ ወጥ የሆነና በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል ጥቃት ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ያውም ተመጣጣኝ በሆነ መንገድ ነው። ጎረቤትን ያገኘች ጥይት በዚያ አንቀጽ ሥር አትጠለልም። በድንበር ወይም በደም የተነሳ ቂም ካለ ደግሞ ጉዳዩ የሽማግሌና የፍርድ ቤት ነው፤ ሽጉጥ መግዛት ለእሱ መፍትሔ አይደለም።

ቶካሬቭ ሁለተኛ ችግር አላት። በመጀመሪያ አሠራሯ የሴፍቲ ቁልፍ የላትም፤ ለውጭ ገበያ በተሠሩ አንዳንድ ቅጂዎች ላይ ብቻ ተጨምሯል። ያላት መጠበቂያ መዶሻዋን ግማሽ መንገድ ላይ የምትይዝ ጥርስ ነች። ጥርሷ በአገልግሎት ብዛት ከተበላች፣ መዶሻዋ ሲመታ ወይም ሽጉጧ ስትወድቅ ልትተኩስ ትችላለች። ጥይት አጉርሶ መዶሻውን በአውራ ጣት ቀስ አድርጎ ማውረድም ያው ነው፤ ጣት ካንሸራተተች ጥይት ይወጣል። ቶካሬቭ የግድ ከተያዘች ጥይት ሳትጎርስ ትያዝ።

ትንሿን «ትደበቃለች» ብሎ ብቻ መውሰድ

ትንሽ ሽጉጥ ለመደበቅ ትቀላለች፣ ለመተኮስ ግን ትከብዳለች። ቀላል ስለሆነች ትራገጣለች። እጀታዋ አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት መያዣ ታጣለች። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዋ ስለሚቀራረብ የእጅ ትንሽ ስህተት ዒላማው ላይ ትልቅ ሆኖ ይታያል። ግሎክ 26 አሥር ጥይት ይዛ ታጥራለች፤ ግሎክ 19 ጥቂት ረዝማ 15 ትይዛለች። ቀጭን ሰው ሸሚዝ ብቻ ከለበሰ የመጀመሪያዋን ሊመርጥ ይችላል። ዓመቱን አብዛኛውን ጃኬት ለሚለብስ የጎንደር ሰው ግን ሁለተኛዋ ትሻላለች፤ የተጨመረው ርዝመት ከጃኬት በታች አይታይም፣ እጅ ላይ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

በመሃል ያለችው ማካሮቭ 161 ሚሊሜትር ትረዝማለች፣ ያለ ጥይት 730 ግራም ትመዝናለች፣ ስምንት ጥይት ትይዛለች። ሆኖም በርሜሏ ከተንሸራታቹ ጋር ስለማይቆላለፍ ግፊቱን የሚችለው የተንሸራታቹ ክብደትና የሞላው ጥንካሬ ነው። ስለዚህ ሞላዋ ጠንካራ ነው፤ የእጅ ጉልበታቸው ያነሰ ሴቶችና አረጋውያን ማቀባበል ያቅታቸዋል። ለእናትዎ ወይም ለእህትዎ «ትንሿ ትሆናታለች» ብለው ከመግዛትዎ በፊት ራሷ በባዶው አሥር ጊዜ ታቀባብላት። ምላጩንም ትሞክር፤ እጀታውን በትክክል እንደያዘች የጠቋሚ ጣቷ የመጀመሪያ አንጓ ምላጩ ላይ ካላረፈ ሽጉጧ ለእጇ አትሆንም።

የሴፍቲውን አቅጣጫ አለማወቅ

ማካሮቭ ላይ ሴፍቲው ወደ ላይ ሲነሳ ይዘጋል፣ ወደ ታች ሲወርድ ይተኩሳል። ቤሬታ 92ኤፍኤስ ላይ ተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ታች ሲሆን ነው የሚዘጋው። ግሎክ ላይ ደግሞ በአውራ ጣት የሚነካ ሴፍቲ የለም፤ ምላጩ ላይ ያለችው ቀጭን ምላስ ምላጩ ሲሳብ አብራ ትሳባለች። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገር ሰው እጁ የድሮውን ነው የሚሠራው። ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሽጉጥ ማቆየት፣ ወይም ባልና ሚስት የተለያየ ዓይነት ለምደው አንዱ የሌላውን ማንሳቱ ከዚህ የተነሳ አደገኛ ነው።

ያገለገለ ሽጉጥ ሳይፈትሹ መውሰድ

ሻጩ «ባዶ ናት» ቢልም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት፣ ጣት ከምላጩ ውጭ፣ መጀመሪያ ካዝናው (የጥይት መያዣው) ይወጣል፣ ከዚያ ይቀባበላል፣ በመጨረሻም የጥይት ቤቱ በዓይንም በጣትም ይታያል። ካዝናው ሳይወጣ ያቀባበለ ሰው የጎረሰችውን አውጥቶ ሌላ ያጎርሳል፤ ከዚያ ካዝናውን ነቅሎ «ባዶ ናት» ይላል። ብዙ ሰው የሞተው በዚህ በተገለበጠ ሁለት እርምጃ ነው።

ከዚያ ይፍታቱት። የማካሮቭ በርሜል ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ተንሸራታቹን አውጥተው ነጭ ወረቀት በአንዱ ጫፍ አድርገው በሌላው ጫፍ በኩል ይመልከቱ። ጥርሶቹ ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። በርሜሉ ውስጥ እንደ ቀለበት የጠቆረ ክብ ካለ እርሳስ ተቀርቅሮበት በላዩ ተተኩሷል፤ በርሜሉ አብጧል ማለት ነው፤ አይገዛም። የካዝናውን ከንፈሮች ይዩ፤ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ከተከፈተ ወይም ከተሰነጠቀ ጥይት ይነክሳል፤ ግማሽ ገብታ ተቀርቅራ ትቀራለች። ሽጉጥ ያዘ ከሚባልባቸው ጊዜያት ብዙውን ጥፋተኛው ካዝናው ነው፣ ስለዚህ ሁለት ካዝና ይኑርዎት።

ማካሮቭ ከሆነች በባዶው መዶሻውን ወደ ኋላ ስበው ሴፍቲውን ወደ ላይ ያንሱ፤ መዶሻው ይወርዳል፣ ምላጩ ግን ምንም ማድረግ የለበትም። ቀጥሎ ፖሊስ በሚፈቅደው የመተኮሻ ቦታ፣ ሊይዙት ባሰቡት ጥይት፣ ቢያንስ 50 ይተኩሱ። ጥይት ውድ ነው ብሎ ይህን መዝለል ራሱ ስህተት ነው። ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ መተኮስ ሙከራ አይደለም፤ የወጣችው እርሳስ ትወርዳለች፣ የምትወርደውም ሰው ላይ ሊሆን ይችላል።

ማኅደር ሳይገዙ ሱሪ ውስጥ መሸጎጥ

ለሽጉጥ ብዙ ብር ከፍሎ ለማኅደር መሰሰት የተለመደ ነው። ያለ ማኅደር ወገብ ላይ የተሸጎጠች ሽጉጥ ባጃጅ ውስጥ ሲቀመጡ ትዞራለች፣ ሲነሱ ወደ ሱሪ እግር ትንሸራተታለች፣ ሰውም በደመ ነፍስ ሊይዛት ሲሞክር ምላጩን ያገኛል። ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ማስቀመጥም እንዲሁ ነው። ጥሩ ማኅደር ለዚያች ሽጉጥ ልክ የተሠራ፣ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ሽጉጧ ከወጣች በኋላም አፉ የማይጨፈለቅ ነው። አፉ የላላ ቆዳ ወደ ውስጥ ታጥፎ ምላጩን ሊገፋ ይችላል። የጃኬት ገመድና የሸሚዝ ጫፍም እንዲሁ፣ በተለይ በግሎክ ላይ። ስለዚህ ሲመልሱ ቀስ ብለው፣ ልብሱን በሌላው እጅ ገለጥ አድርገው፣ እያዩ ይመልሱ። ቀበቶውም ወፍራም ቆዳ ይሁን።

ጋቢ ለሚለብስ ሰው የተለየ ችግር አለ። ሁለቱንም ትከሻ ተጠቅልሎ የተጣፋ ጋቢ ቀኝ እጅን ያስራል። ቤት ውስጥ፣ በባዶ ሽጉጥ፣ ጋቢውን እንደሚለብሱት ለብሰው ይሞክሩት፤ እጅ ወገብ ላይ ካልደረሰ ወይ አለባበሱ ወይ የሽጉጧ ቦታ ይቀየራል። ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ወይም ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ መዋኛ እንደሚታየው ያለ ግፊያ ሲኖር ግን ቤት ትተዋት ይሂዱ። እዚያ የምትሰረቅበት ዕድል የምትጠቅምበትን ይበልጣል። ጠላና አረቄ ያለበት ቤትም እንዲሁ።

ቤት ስትገባ የት እንደምታድር አለማሰብ

ትራስ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ ልብስ መሃል የሚባሉት ቦታዎች ሁሉ ልጆች የሚያውቋቸው ናቸው። ሽጉጧን ከመግዛትዎ በፊት የሚቆለፍ የብረት ሳጥን ይግዙ፤ ግድግዳ ወይም ወለል ላይ በቡሎን ይታሰር፤ ቁልፉ ከእርስዎ ጋር ይዋል። ማኅደሯ ውስጥ እንዳለች አያስቀምጧት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ በሐምሌና በነሐሴ ብረቱን ያዝገዋል። ወደ መተማ ቆላ ወርደው በላብ የዋለች ከሆነ በዚያው ማታ ተወልውላ ስስ ዘይት ትቀባ፤ ዘይት ማብዛት ግን አቧራ ይሰበስባል። የሚይዙትን ጥይትም በየሁለት ሳምንቱ እያወጡ ይዩት። ቀለሁ ላይ አረንጓዴ ዝገት ያበቀለ፣ እርሳሱ ወደ ውስጥ የገባ ወይም ዘይት የነካው ይለይ፤ በተለይ በየቀኑ እየገባች እየወጣች የምትጎርሰው የመጀመሪያዋ ጥይት እርሳሷ ወደ ቀለሁ እየሰመጠ ይሄዳል፣ ከጓደኞቿ አጠር ብላ ከታየች አትጉረስ።