በእጅ ለሚያዝ ቀይ ሌዘር የሚስማማ ድራይቨር አመራረጥ

ለምሳሌ የምንይዘው ሥራ ትንሽ ነው። አሮጌ የእጅ ባትሪ ቀፎ ውስጥ የሚገባ፣ በአዳራሽ ሥዕል ለማመልከት ወይም ግድግዳ ላይ መደርደሪያ ከመስቀል በፊት ነጥብ ለመያዝ የሚያገለግል፣ 650 ናኖ ሜትር ቀይ ብርሃን የሚሰጥና ኃይሉ ከ5 ሚሊ ዋት የማይበልጥ ሌዘር ነው። ብርሃኑን የሚያመነጨው ክፍል፣ ማለትም ዳዮዱ፣ 5.6 ሚሊ ሜትር ስፋትና ሦስት እግሮች ያሉት ክብ ብረት ለበስ ዕቃ ነው። የዚህን መሣሪያ ዕድሜ ከሌንሱም ከቀፎውም ይልቅ የሚወስነው በባትሪውና በዳዮዱ መካከል የሚገባው ሰርኪዩት፣ ማለትም ድራይቨሩ ነው። ድራይቨር ሲመረጥ በብዛት የሚታየው ስሕተት ባትሪው ላይ በተጻፈው ቮልቴጅ አንድ ጊዜ ብቻ አስልቶ መነሣት ነው፤ ስሌቱ ግን ባትሪው ጢም ብሎ ሲሞላ አንድ ጊዜ፣ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ሌላ ጊዜ መሠራት አለበት።

ከሁሉ አስቀድሞ የዳዮዱ ጠባይ መታወቅ አለበት። በዚህ አቅም ያለ ቀይ ዳዮድ መነሻ ከረንቱ 20 ሚሊ አምፔር፣ 5 ሚሊ ዋት ብርሃን የሚሰጥበት ከረንት 30 ሚሊ አምፔር፣ በዚያን ጊዜ በሁለቱ እግሮች መካከል የሚለካው ቮልቴጅ ደግሞ 2.3 ገደማ ነው እንበል። ከዳዮድ ዳዮድ ልዩነት ስላለ ትክክለኛው ቁጥር ከዕቃው መግለጫ መወሰድ አለበት። ከ20 ሚሊ አምፔር በታች የሚወጣው ብርሃን እንደ ተራ ኤልኢዲ የፈዘዘ ነው፤ ከረንቱ ይህን መነሻ ሲያልፍ ግን ግድግዳው ላይ ያረፈው ነጥብ በድንገት ይደምቅና ስኳር የተነሰነሰበት ይመስል ፍንጥቅጥቅ እያለ ይብለጨለጫል፤ ሌዘር መሆኑ የሚታወቀውም በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እያንዳንዱ ሚሊ አምፔር ግማሽ ሚሊ ዋት ያህል ብርሃን ስለሚጨምር፣ 35 ሚሊ አምፔር ማሳለፍ 7.5 ሚሊ ዋት ማውጣት ማለት ነው፤ ከረንቱ በዚያው እየጨመረ ከሄደ ብርሃኑ የሚወጣበት የዳዮዱ ገጽ በራሱ ብርሃን ይቃጠላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ቮልቴጁ እምብዛም አይነቃነቅም። ስለዚህ ዳዮድን በቮልቴጅ መቆጣጠር አይቻልም፤ መወሰን ያለበት ከረንቱ ነው።

ከድራይቨሮች ሁሉ ቀላሉ አንድ ሬዚስተር ነው። በቁልፍ መያዣ መልክ የሚሸጡት ርካሽ ሌዘሮች በአብዛኛው በሦስት ኤልአር44 የአዝራር ባትሪዎችና በአንድ ሬዚስተር ይሠራሉ፤ 4.5 ቮልት ላይ 82 ኦም ሬዚስተር ቢገባ 27 ሚሊ አምፔር ያህል ያልፋል፣ የባትሪዎቹ የራሳቸው ውስጣዊ ተቃውሞም ከረንቱን ይቀንሰዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እነዚህን አውጥቶ በምትካቸው ትልልቅ ድንጋይ ሲያስገባ ነው፤ በቁጥር ቮልቴጁ ያው ቢሆንም ያ ውስጣዊ ተቃውሞ ስለሚጠፋ ከረንቱ ከበፊቱ ይበልጣል። በአንድ 18650 ሊቲየም ባትሪ ለመሥራት ላሰበ ሰው ደግሞ ሬዚስተር ብቻውን ከቶ አይሆንም። ይህ ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ ሊያልቅ ሲል 3 ቮልት ገደማ ነው። ሲሞላ 25 ሚሊ አምፔር እንዲያልፍ 75 ኦም ቢመረጥ፣ ባትሪው ገና 3.7 ቮልት ላይ ሲደርስ ከረንቱ ከ19 ሚሊ አምፔር በታች ይወርዳል። ባትሪው ገና ብዙ ኃይል እያለው ሌዘሩ ሌዘር መሆኑ ይቀራል ማለት ነው። 3.7 ቮልት ላይ እንዲደምቅ ሬዚስተሩን ዝቅ ያደረገ ሰው ደግሞ ባትሪውን ሞልቶ በከተተ ቁጥር ዳዮዱን ከልኩ በላይ ይነዳዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው በጥገና ቤቶች እንደልብ የሚገኘው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ፣ ኤልኤም317 ነው። ይህ ዕቃ በመውጫው እግርና በማስተካከያው እግር መካከል ሁልጊዜ 1.25 ቮልት ስለሚጠብቅ፣ በሁለቱ መካከል ሬዚስተር ገብቶ ዳዮዱ ከማስተካከያው እግር በኩል ሲቀጠል የማይለዋወጥ ከረንት ይሰጣል፤ 1.25 ለሬዚስተሩ ኦም ሲካፈል የሚገኘው አምፔር ነው። 47 ኦም ቢመረጥ 26.6 ሚሊ አምፔር፣ በእኛ ዳዮድ ላይ 3.3 ሚሊ ዋት ገደማ ይሰጣል። ችግሩ ለራሱ የሚወስደው ቮልቴጅ ላይ ነው። 1.25 ቮልቱ ላይ ዕቃው ራሱ ለመሥራት 1.5 ቮልት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ የዳዮዱ 2.3 ሲታከልበት ባትሪው ከ5 እስከ 5.3 ቮልት መስጠት አለበት። በአንድ ሊቲየም ባትሪ አይነሣም። በአራት ድንጋይ ይነሣል፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ገና 1.3 ቮልት ሲደርስ መፍዘዝ ስለሚጀምር ባለቤቱ ያላለቀ ድንጋይ ይጥላል። የሚስማማው በሁለት ሊቲየም ባትሪ ሲሠራ ነው፤ 8.4 ላይም 6 ላይም ስሌቱ ይሠምራል። ሁለቱ ሲሞሉ ከሚወጣው ኃይል ከሁለት ሦስተኛው በላይ ሙቀት ሆኖ መቅረቱ እውነት ነው፤ ሆኖም መጠኑ ከ0.2 ዋት በታች ስለሆነ ለዚህ ሥራ ማቀዝቀዣ ብረት አያስፈልገውም።

ለአንድ ሊቲየም ባትሪ እኔ የምመርጠው ሁለት ትራንዚስተር ያለውን ሰርኪዩት ነው። ሁለት ቢሲ547 እና ሁለት ሬዚስተር ብቻ ይበቁታል፤ ቤዝ፣ ኮሌክተርና ኤሚተር የሚባሉት የትራንዚስተሩ ሦስት እግሮች ናቸው። የመጀመሪያው ትራንዚስተር ዳዮዱን ይነዳል፣ ከኤሚተሩ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ 27 ኦም ይቀጠላል፤ የሁለተኛው ትራንዚስተር ቤዝ ከዚሁ ኤሚተር፣ ኮሌክተሩ ከመጀመሪያው ቤዝ፣ ኤሚተሩ ከኔጌቲቩ ጋር ይገናኛል፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ደግሞ 2.2 ኪሎ ኦም ይገባል። በ27 ኦሙ ላይ 0.65 ቮልት ሲደርስ ሁለተኛው ትራንዚስተር ይከፈትና የመጀመሪያውን አደብ ያስይዘዋል። ከረንቱ 24 ሚሊ አምፔር፣ ብርሃኑ 2 ሚሊ ዋት ገደማ ይሆናል፤ ለአዳራሽ ይበቃል። ለራሱ የሚፈልገው 0.85 ቮልት ብቻ ስለሆነ ባትሪው እስከ 3.15 ቮልት ሲወርድ ሌዘሩ እኩል ይበራል፣ ከዚያ በኋላ መፍዘዙ ደግሞ ባትሪው መሞላት እንዳለበት ምልክት ይሆናል።

ይህ ሰርኪዩት አንድ ጉድለት አለው፤ እሱም ብርድ ነው። ያ 0.65 ቮልት ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር 2 ሚሊ ቮልት ያህል ይጨምራል። ከሰዓት በኋላ በሞቀ ክፍል ውስጥ የተስተካከለ ሌዘር በ20 ዲግሪ በቀዘቀዘ ማለዳ ሲበራ ከረንቱ 1.5 ሚሊ አምፔር ያህል ይጨምራል፣ የዳዮዱም መነሻ ከረንት በብርድ ስለሚቀንስ ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋሉ፤ ብርሃኑ ይጨምራል። በ30 ሚሊ አምፔር ሳይሆን በ24 የቆምነው ለዚህ ነው። እስከ ጫፍ ድረስ ነድቶ ብርሃን ማግኘት ሙያ የሚመስለው ሰው የመጀመሪያው የሐምሌ ጠዋት ያስተምረዋል።

ብርሃኑ በሙቀትም በብርድም እንዳይለዋወጥ የሚፈልግ ሰው የዳዮዱን ሦስተኛ እግር መጠቀም አለበት። በዚያ ብረት ውስጥ ከሌዘሩ ጀርባ የተቀመጠ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ከረንት የሚሰጥ ትንሽ ፎቶ ዳዮድ አለ፤ ድራይቨሩ የእሱን ከረንት እያየ ብርሃኑን ራሱን ይቆጣጠራል። ለዚህ ሥራ ብቻ ተብለው የተሠሩ ትንንሽ ቺፖች አሉ፤ አይሲ ሃውስ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ከ2.4 ቮልት ጀምሮ የሚሠሩ ቺፖች እንደሚያመርት ይታወቃል። በሥራው ትክክለኛ የሚባለው ዘዴ ይህ ነው፣ ነገር ግን የፎቶ ዳዮዱ ሽቦ ከተበጠሰ ድራይቨሩ ብርሃን የጠፋ መስሎት ያለውን ሁሉ ይለቃል። ስለዚህ ከዳዮዱ ጋር በተከታታይ ከረንቱን ከጣሪያ በላይ የማያሳልፍ ሬዚስተር መግባት አለበት። በማስተካከያ ቪት የሚዞር ሬዚስተር ለሚጠቀምም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ተንሸራታቹ ንክኪ ቢያጣ ከረንቱ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች እንዲሄድ አድርጎ መቀጠል ያስፈልጋል።

የእጅ ባትሪው ቀፎ ውስጥ አብሮ የመጣው ድራይቨር ይበቃል ብሎ የሚያስብም አለ። በእነዚህ ቀፎዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኤኤምሲ7135 የሚባለው ቺፕ ሲሆን አንዱ ብቻውን 350 ሚሊ አምፔር ያሳልፋል። ለእኛ ዳዮድ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ቦርዱ ወጥቶ ይቀመጥ፤ ቀፎው ብቻ ይፈለጋል።

ቀፎው ብረት በመሆኑ ግን ሌላ ወጥመድ አለው፣ ይህን ደግሞ ብዙ መግለጫ አያነሣውም። የእጅ ባትሪ ገላ አብዛኛውን ጊዜ የባትሪው ኔጌቲቭ ነው። የዳዮዱ ብረትም ከአንዱ እግር ጋር የተያያዘ ነው፤ በአንዳንዱ ከካቶዱ (ከኔጌቲቭ እግሩ)፣ በሌላው ከአኖዱ (ከፖዘቲቭ እግሩ)። ከላይ ያየነው የሁለት ትራንዚስተር ሰርኪዩት የሚቆጣጠረው በዳዮዱና በኔጌቲቩ መካከል ገብቶ ስለሆነ፣ ብረቱ ከካቶድ ጋር የተያያዘ ዳዮድ ገላውን ከነካ ከረንቱ ድራይቨሩን ዘሎ በቀጥታ በቀፎው በኩል ያልፋል፤ ዳዮዱም በቅጽበት ይሞታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ዳዮድ መፍትሔው ያንኑ ሰርኪዩት በተቃራኒው ዓይነት ትራንዚስተር፣ በቢሲ557፣ ገልብጦ ከፖዘቲቩ በኩል መሥራት፣ ወይም ቀድሞውኑ ከፖዘቲቩ በኩል የሚቆጣጠረውን ኤልኤም317 መምረጥ ነው። ብረቱ ከአኖድ ጋር ከተያያዘ ደግሞ በሁለት ቢሲ547 የተሠራው ሰርኪዩት ቢሆንም ዳዮዱን ከገላው በፕላስቲክ መለየት ግድ ይሆናል።

ድራይቨሩ ከተሠራ በኋላ ዳዮዱ ወዲያው አይበየድም። ይህን የተማርኩት ዕቃ ከፍዬ ነው። በኤልኤም317 የሠራሁት ድራይቨር መውጫው ላይ 10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ነበረው፤ ምንም ሳይቀጠልበት ባትሪ ሰጥቼ በቴስተር ለካሁት፣ ባትሪውን ነቀልኩ፣ ረክቼም ዳዮዱን በየድኩ። ማብሪያውን ስጫን ግድግዳው ላይ የታየው ፍንጥቅጥቅታ የሌለው፣ የከሰል ጫፍ የመሰለ ደብዛዛ ቀይ ነጥብ ነበር። ምንም ጭነት ያልነበረበት ካፓሲተር ባትሪውን ያህል ቮልቴጅ ይዞ ቆይቶ፣ ብየዳው በነካው ቅጽበት ያንን በዳዮዱ ላይ አራግፎታል። በካፓሲተሩ ውስጥ የነበረው ጉልበት ግማሽ ሚሊ ጁል እንኳ አይሞላም፤ ለዳዮዱ ግን ከበቂ በላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከብየዳ በፊት የድራይቨሩን ሁለት መውጫዎች በሽቦ ማገናኘት ልማዴ ሆኗል። ማብሪያውም ሁልጊዜ ከባትሪው በኩል እንጂ በድራይቨሩና በዳዮዱ መካከል መግባት የለበትም፤ እዚያ ከገባ በእያንዳንዱ መጫን ያው ነገር ይደገማል።

በዳዮዱ ፈንታ የሚፈተሸው በምትክ ጭነት ነው። ሦስት 1ኤን4007 ዳዮዶችና አንድ 10 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ሲቀጠሉ 2.4 ቮልት ያህል ስለሚይዙ የሌዘሩን ቦታ ይተካሉ። በ10 ኦሙ ላይ የሚለካው 240 ሚሊ ቮልት ከሆነ ከረንቱ 24 ሚሊ አምፔር ነው።

ሌላ ቀለም የሚፈልግ ሰው ስሌቱን ከመነሻው ይጀምር። 405 ናኖ ሜትር ሐምራዊ ዳዮድም 520 ናኖ ሜትር አረንጓዴ ዳዮድም ከ4 ቮልት በላይ ስለሚፈልጉ በአንድ ሊቲየም ባትሪ ለመሥራት ቮልቴጅ የሚያሳድግ ድራይቨር ያስፈልጋቸዋል። ከዲቪዲ መጻፊያ የሚወጣው ቀይ ዳዮድ ግን ከ100 ሚሊ ዋት በላይ ሊሰጥ ስለሚችል በእጅ ለሚያዝ ማመልከቻ አይሆንም፤ ዓይን ከመርገብገቡ በፊት ሬቲናን ይጎዳል። ከዚያው የሚገኘው ሁለተኛው፣ 780 ናኖ ሜትር የሆነው የሲዲ ዳዮድ፣ ከዚህም የከፋ አታላይ ነው፤ ለዓይን የደከመ ቀይ መስሎ ሙሉ ኃይሉን ይዞ ይወጣል። ዓለም አቀፉ የሌዘር ደረጃ እስከ 1 ሚሊ ዋት ያለውን የሚታይ ብርሃን በምድብ 2፣ እስከ 5 ሚሊ ዋት ያለውን በምድብ 3አር ያስቀምጣል፤ በአሜሪካም ለማመልከቻ የሚሸጥ ሌዘር ከ5 ሚሊ ዋት እንዳያልፍ ተደንግጓል፣ እዚያ ላሉ አንባቢዎች ደግሞ ወደ አውሮፕላን ማብራት ከ2012 ጀምሮ የፌዴራል ወንጀል ነው። የእኛ 2 ሚሊ ዋትም ቢሆን ወደ ሰው ፊት፣ ወደ መስታወት ወይም ወደሚያንጸባርቅ ብረት አይዞርም።

ዳዮዱ ከመበየዱ በፊት አንድ ፈተና ይቀራል። ምትክ ጭነቱ እንደተቀጠለ ድራይቨሩ መጀመሪያ ሙሉ በሆነ ባትሪ፣ ቀጥሎ 3.2 ቮልት ላይ በደረሰ ባትሪ ይለካ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ሚሊ አምፔር ካለፈ ከረንቱን የሚይዘው ድራይቨሩ ሳይሆን ባትሪው ነው፤ ካውያው ጠፍቶ ቅጥሉ እንደገና ይታይ።