ለሥዕሉ ጀርባ አትስጡ

ባለፈው ቅዳሜ አሥራ አራት ሰው ይዤ የግድግዳ ሥዕል ላሳይ ወጣሁ። መጀመሪያ የደረስነው አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ጋ ነው። የሕንፃውን ጎን ከታች እስከ ላይ ሞልታ አንዲት ባልቴት ተሥላለች። ጥጉን እንደታጠፍን ስልክ ሁሉ ከኪስ ወጣ። አንዱ ቆመ፣ ሌላው አነሳው። ተቀያየሩ። ሁለት ሁለት ሆኑ። ከዚያ ሁሉም ተሰብስበው አንድ ላይ ተነሱ። አራት ደቂቃ አልሞላም። "እሺ፣ ቀጥሎስ የት ነን?" አለኝ አንዱ።

ኋላ አረፍ ስንል ጠየቅኳቸው። ሴትየዋ በግራ እጇ የያዘችው ምንድን ነው? ዝም አሉ። አንዷ "አበባ መሰለኝ" አለች። አበባ አይደለም፤ ቁልፍ ነው። የዛገ፣ የድሮ በር ቁልፍ። እጇ የተዘረጋው ወደ ታች ነው። ከእጇ አጠገብ በብሎኬት የተደፈነ እውነተኛ በር አለ። ሠዓሊው በሩን እንዳለ ትቶ ዙሪያውን ነው የሣለው። ሥዕሉ የተሣለው ለዚያ በር ሲባል ይመስለኛል። አሥራ አራት ሰው ፊቱ ቆሞ ፎቶ ተነሣ፤ በሩን አንድም ሰው ልብ አላለውም።

እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ አይቼ ዝም ብያለሁ። አሁን ግን ሥዕል ስናይ የምንሠራቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልናገር።

ሳያዩ ማንሳት

ፎቶ አታንሱ አልልም። እኔም አነሳለሁ። የምለው መጀመሪያ እዩ ነው። ስልኩ ሲወጣ ዓይን ሥራውን ይተዋል። "ቤት ገብቼ ተረጋግቼ አየዋለሁ" ይባላል። ማንም አያየውም። ማታ ስልካችሁ ላይ የምትፈልጉት የራሳችሁን ፊት ነው፤ ሥዕሉ ከኋላችሁ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንድ ሰው ሁለት ሳምንት ሙሉ መሰላል ላይ ቆሞ ለሠራው ነገር አራት ደቂቃ፣ እሱንም ጀርባ ሰጥቶ! ይሄ ያናድደኛል።

እ.ኤ.አ. በ2001 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የታተመ አንድ ጥናት በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የተሠራ ነው። ጎብኚዎች አንድ ሥራ ፊት የቆሙት በአማካይ 27 ሰከንድ ገደማ ነበር። ያኔ ስማርት ስልክ የለም። ተመራማሪዎቹ ከዓመታት በኋላ በሌላ ሙዚየም ሲደግሙት ሰዓቱ ብዙም አልተለወጠም። አዲስ የመጣው ከሥራው ጋር ራስን ማንሳት ነው፤ ያ ጊዜ ከዚያችው ሰከንድ ላይ ይቀነሳል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ሦስት ደቂቃ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይቆያል። መጀመሪያ መንገዱን ተሻግሬ ሙሉውን አያለሁ። ከዚያ ግድግዳው ሥር እስክደርስ እጠጋለሁ። ቅርብ ስትሆኑ ሌላ ሥዕል ነው። ሠዓሊው የስፕሬይ ጣሳውን አርቆ ሲነፋ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ አስጠግቶ ሲነፋ መስመሩ ይሰላል። የባልቴቷ እጅ ላይ ሁለቱም አለ። የጅማቷ መስመር ስል ነው፤ ከጎኑ ያለው ጥላ ብናኝ ነው። ጅማቱ ከብሎኬቱ መጋጠሚያ ጋር ገጥሞ እንዲወርድ ተደርጓል። ከመንገድ ማዶ ይሄ አይታይም።

ስቴንስል (በተቆረጠ ካርቶን ላይ ቀለም ተነፍቶ የሚሠራ) ከሆነ ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። እዚህም እዚያም ቀጫጭን ክፍተቶች ታያላችሁ። የተቆረጠው ካርቶን ተገንጥሎ እንዳይወድቅ የተተዉ ማያያዣዎች ናቸው። ወረቀት ከሆነ ደግሞ ጥጉን እዩት፤ መላጥ ጀምሯል። አብዛኛውን ጊዜ የሚለጠፈው በዱቄትና በውኃ በተሠራ ሙጫ ነው። ይሄን ሁሉ ካያችሁ በኋላ አንሱ። ምኑን ማንሳት እንዳለባችሁ ያኔ ታውቃላችሁ።

አንድ ቦታ ቆሞ "ጨረስኩ" ማለት

ቱኒዚያዊ-ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤል ሲድ እ.ኤ.አ. በ2016 በካይሮ የቆሻሻ ሰብሳቢዎች ሰፈር ወደ 50 የሚጠጉ ሕንፃዎች ላይ አንድ ጽሑፍ በዐረብኛ ጽፏል። ሰፈሩ ውስጥ ስትቆሙ የምታዩት እዚህ ብርቱካናማ ቅስት፣ እዚያ ሰማያዊ ጭረት ነው። ነገሩ የሚገጥመው ሞቃተም ተራራ ላይ ወጥታችሁ ከአንድ የተወሰነ ቦታ ስታዩት ብቻ ነው። ጽሑፉ የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ ቃል ነው፤ የፀሐይን ብርሃን አጥርቶ ማየት የፈለገ አስቀድሞ ዓይኑን ይጥረግ የሚል።

አሜሪካዊው ሠዓሊ ኪት ሄሪንግ በ1986 ኒውዮርክ ሃርለም ውስጥ ክራክ የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ በመቃወም የሣለው ሥዕል ያለው አንድ የኳስ መጫወቻ ግድግዳ ላይ ነው። ግድግዳው ሁለት ፊት አለው። የተሣለውም ሁለቱም ላይ ነው። ዞር ብላችሁ እዩ።

ጋለሪ ውስጥም ያው ነው። ሠዓሊው ማርክ ሮትኮ ትልልቅ ሸራዎቹን ሰዎች 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ተጠግተው እንዲያዩለት ይመክር ነበር። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ በ2000ዎቹ የሠራቻቸውን ሥራዎች ከሩቅ ብቻ ያየ ሰው የሚያየው ማዕበል ነው። ሲጠጋ ከሥሩ የሕንፃ ንድፍ መስመሮች፣ ዓምድና መስኮት ብቅ ይላሉ። አንድ ሸራ ሁለት ሦስት ጊዜ መታየት አለበት፤ ከሩቅ፣ ከቅርብ፣ ከጎን።

ያረጀ ዝርዝር ይዞ መውጣት

ይሄን እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። ሦስት ዓመት ያለፈው ፎቶ አምኜ ዘጠኝ ሰው አርባ ደቂቃ በእግር አስኬድኩ። ስንደርስ ግድግዳው ግራጫ ሆኗል። አንዲት ልጅ ለዚያ ሥዕል ብላ ከሌላ ከተማ ነበር የመጣችው። ፊቷ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ከዚያ ወዲህ በዋዜማው ሄጄ ሳላይ ሰው አልወስድም።

የጎዳና ሥዕል ጠባቂ የለውም። ኒውዮርክ ኩዊንስ ውስጥ የነበረው ፋይቭ ፖይንትዝ የተባለ ሕንፃ የግራፊቲ (ግድግዳ ላይ በስፕሬይ የሚሠራ ጽሑፍና ሥዕል) ሠዓሊዎች መናኸሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2013 ባለቤቱ በአንድ ሌሊት ነጭ ቀለም አስቀባው። ሠዓሊዎቹ ከሰሱ። በ2018 ፍርድ ቤቱ ለ21 ሠዓሊዎች 6.75 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላቸው። ሥዕሎቹ ግን አልተመለሱም፤ ሕንፃውም ፈርሷል።

አንዳንዴ የሚያጠፋው ሠዓሊው ራሱ ነው። በርሊን ክሮይትስበርግ የነበሩት ብሉ የተባለው ጣሊያናዊ የጎዳና ሠዓሊ ሁለት ግዙፍ ሥዕሎች በዲሴምበር 2014 በእሱ ፈቃድ ጥቁር ተቀቡ። ሰፈሩ እየተወደደ ነዋሪው ሲፈናቀል ሥዕሎቹ ማድመቂያ እንዲሆኑ አልፈለገም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ጄአር በ2019 በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ግቢ 400 በጎ ፈቃደኞችን ይዞ የለጠፈው ሥራ ደግሞ 2000 ያህል የወረቀት ቁራጭ ነበር። ሰው ሲረግጠው ወዲያው ተቀዳደደ።

ስለዚህ የቅርብ ቀን ፎቶ ፈልጉ። የደረሳችሁበት ግድግዳ ላይም ከፊርማው ሥር ዓመት ካለ አንብቡት። ከበርሊን ግንብ በተረፈው ኢስት ሳይድ ጋለሪ ላይ የ21 አገር 118 ሠዓሊዎች የሣሉት በ1990 ነው። ዛሬ የምታዩት ቀለም ግን አብዛኛው በ2009 እንደገና የተሣለ ነው።

ታጉን "ቆሻሻ" ብሎ ማለፍ

ትልቁን ሥዕል አድንቆ ከጎኑ ያለውን ታግ፣ ማለትም በቀለም የተጻፈውን የጸሐፊውን ስም፣ መናቅ የተለመደ ነው። ብዙዎቹ ሠዓሊዎች የጀመሩት ስማቸውን ከመጻፍ ነው። ከ4000 በላይ የግድግዳ ሥዕል የሠራው የፊላደልፊያው ፕሮግራም እንኳ በ1984 የተነሳው ግራፊቲን ለመከላከል ነበር፤ ያኔ ግድግዳ ላይ ይጽፉ የነበሩትን ወጣቶች ነው ብሩሽ ያስያዛቸው። ውደዱት አልልም። አንድ ፊደል ብቻ መርጣችሁ እጁ ከየት ተነስቶ የት እንደጨረሰ በዓይናችሁ ተከተሉት።

ከጋለሪ በር መመለስ

እዚህ ላይ ጀማሪዎችን አልቆጣም። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጋለሪ መስኮት ሥር እያለፍኩ አልገባሁም። የተጋበዘ ብቻ የሚገባበት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ያዘኝና ገባሁ። ጠረጴዛው ጋ የነበረችው ልጅ ቀና ብላ ሰላም አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በቃ፣ ይኸው ነው። ለሁለት ዓመት የፈራሁት ነገር ይሄ ነበር።

የግል ጋለሪ ሥዕል የሚሸጥበት ቤት ነው። ለማየት አብዛኛውን ጊዜ አይከፈልም። ከሥዕሉ አጠገብ ቀይ ነጥብ ካለ ተሽጧል ማለት ነው። ዋጋ ግድግዳው ላይ ካልተጻፈ ጠረጴዛው ጋ ዝርዝር ይኖራል፤ ጠይቁ። መጠየቅ አያስገዛም። ከዋጋው የሚበልጥ ጥያቄም አለ። "ከዚህ ሁሉ እርስዎ የሚወዱት የትኛውን ነው?" በሉ። እዚያ ቀኑን ሙሉ የሚውል ሰው ከሥዕሎቹ ጋር ለሳምንታት ኖሯል። ይሄን ጠይቄ አሳፍሮ የመለሰኝ ሰው የለም። አንዴ እንዲያውም መጋዘን አስገብተው ያልተሰቀሉ ሥራዎች አሳይተውኛል።

ዐውደ ርእይን በመክፈቻው ምሽት ብቻ ማየት። ያ ምሽት ለሠዓሊውና ለወዳጆቹ ነው፤ ሂዱ፣ እንኳን ደስ ያለህ በሉ፣ ሥዕሎቹን ለማየት ግን በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ተመለሱ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። የመዝጊያውን ቀን ጻፉ፤ "ገና ነው" እያልኩ ያመለጡኝ ብዙ ናቸው።

ከሥዕሉ በፊት ጽሑፉን ማንበብ። ጽሑፉን ካነበባችሁ የምታዩት የተጻፈውን ብቻ ነው። "ምን ማለት ነው?" የሚለው ጥያቄም ይቆይ። መጀመሪያ "ምን አለ?" በሉ። ስንት ሰው አለ? ብርሃኑ ከየት ነው? ሠዓሊው ምኑን ሳይጨርስ ተወው? ጽሑፉን ከዚያ አንብባችሁ እንደገና ተመለሱ።

የጀርባ ቦርሳ አዝሎ መግባት። እባካችሁ ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2010 አንዲት ጎብኚ ሜትሮፖሊታን ውስጥ ሚዛኗን ስታ በፒካሶ ሸራ ላይ ወድቃ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀደደችው። እሷ ተደናቅፋ ነው። ቦርሳ ያዘለ ሰው ግን ሳይደናቀፍም ዞር ሲል ይመታል። በጣትም አትንኩ፤ የጣት ቅባት ይቀራል።

ክፍሉ ጨለመ ብሎ ማጉረምረም። ወረቀት ላይ የተሠራ ነገር ብርሃን ይጎዳዋል፤ ለዚህ ነው ብርሃኑን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ላይ የሚያቆዩት። ዓይናችሁ እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ስጡት፤ ፍላሽ ደግሞ በፍጹም።

በአንድ ቀን ሰባት ቦታ። ሦስት ይበቃል።

ስሙን ቆርጦ መለጠፍ

ፎቶው እንዲያምር ብዬ ከታች ያለውን ፊርማ እቆርጠው ነበር። አንድ ቀን አንድ ሠዓሊ ጻፈልኝ። አልተቆጣም። "ለግድግዳው አይከፈለኝም፤ ያለኝ ስሜ ነው" ነው ያለኝ። ከዚያ ወዲህ ፊርማውን ለብቻው አነሳለሁ፣ ስሙንም ከፎቶው ጋር እጽፋለሁ። ፊርማ ከሌለ ሠፈርተኛ እጠይቃለሁ።

ሠፈርተኛን አለመጠየቅም ራሱን የቻለ ስህተት ነው። የሰው መስኮት ሥር ቆመን ጮክ ብለን እናወራለን፤ ሥዕሉ ሲሠራ ከጧት እስከ ማታ ያየውን ሰው ግን ሰላም ሳንለው እናልፋለን። "አበባ መሰለኝ" ያለችው ልጅ በማግስቱ ደወለችልኝና አብረን ተመልሰን ሄድን። ከተደፈነው በር ፊት አንድ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። "አባባ፣ ይሄን ሲሥሉት አይተዋል?" አለቻቸው።

"መሰላሉን የያዝኩለት ማን ሆነና ልጄ" አሉ። የመጨረሻው ቀን ዝናብ መጥቶ አውራ ጣቷን እንዳጠበው ነገሩን። ሠዓሊው በነጋታው ሲመለስ ያ ቀለም አልቆበት ሌላ ቀለም ደባልቆ ሠራው። ተነሥተው በከዘራቸው ጠቆሙን። ተጠጋን። አውራ ጣቷ ከሌሎቹ ጣቶች በጥቂቱ ይቀላል።