ባንክ ጉድዊልንና የማይዳሰሱ ሀብቶችን በሂሳብ መዝገብ እንዴት ይይዛል?

መርካቶ ውስጥ ሱቅ በቁልፍ የገዛ ሰው ጉድዊል ምን እንደሆነ ለማስረዳት አያደክምም። መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ቢቆጠር 800 ሺህ ብር ነው። እሱ ግን 2 ሚሊዮን ከፍሏል። ብልጫው ለቦታው፣ ለደንበኛውና ለስሙ ነው። ኦዲተር ቢመጣ ግን «ቆይ፣ የቦታውን ለብቻ አውጣው» ይለው ነበር። የባንክም ሥራ ይኸው ነው። ለብቻው ሊለይ የሚችለውን ሁሉ፣ እንደ ሶፍትዌር ያለውን በእጅ የማይጨበጥ (የማይዳሰስ) ሀብት ጭምር፣ ለቅሞ ማውጣት፣ ከዚያ የተረፈውን ጉድዊል ማለት።

የኢትዮጵያ ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ሂሳባቸውን የሚያዘጋጁት በአይኤፍአርኤስ (በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች) ነው። እኛም በዚያው እንሂድ።

1. ከሶፍትዌሩ ጀምሩ

ሌላ ባንክ ያልገዛ ባንክም ቢሆን ኮር ባንኪንግ ሲስተም (የደንበኞችን ሂሳብ የሚያንቀሳቅስ ዋናው ሶፍትዌር) አለው። ፋክቱሮቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ፈቃድ 60 ሚሊዮን፣ ለባንኩ እንዲስማማ ማስተካከያ 15 ሚሊዮን፣ የሠራተኛ ሥልጠና 4 ሚሊዮን፣ የምረቃ ድግስ 1 ሚሊዮን። ሀብት ሆነው የሚመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ 75 ሚሊዮን። ሥልጠናውና ድግሱ የዓመቱ ወጪ ናቸው። ድግሱን ሀብት ውስጥ ሊሸጉጥ የሚሞክር አይጠፋም፤ አይሆንም።

አገልግሎቱ 5 ዓመት ነው ካላችሁ በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ወጪ ይያዛል። መቁጠር የሚጀመረው ሲስተሙ ለሥራ ሲዘጋጅ ነው፤ ገንዘቡ በተከፈለበት ቀን አይደለም።

ባንኩ ራሱ ያፈራው ስምና ደንበኛስ? በመዝገብ አይገባም። ሃምሳ ዓመት የተለፋበት ዝና ቢሆንም ዜሮ ነው።

2. የተገዛውን ባንክ እንደ አዲስ ቁጠሩ

አንድ ባንክ በ4 ቢሊዮን ብር ተገዛ እንበል። በራሱ መዝገብ ሀብቱ 30 ቢሊዮን፣ ዕዳው 27 ቢሊዮን ነው። ልዩነቱን 3 ቢሊዮን ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። ብድሮቹ በዛሬ ዋጋ ሲገመቱ 800 ሚሊዮን ወረዱ። በሌላ በኩል መዝገቡ ላይ ጨርሶ ያልነበረ ነገር ተገኘ፤ በዝቅተኛ ወለድ ከባንኩ ጋር የቆዩ የቁጠባ ደንበኞች። እነሱ ርካሽ ገንዘብ ናቸው፣ ዋጋ አላቸው። 300 ሚሊዮን ተገመቱ።

3 ቢሊዮን ሲቀነስ 800 ሚሊዮን፣ ሲደመር 300 ሚሊዮን፤ 2.5 ቢሊዮን። ጉድዊሉ 1.5 ቢሊዮን ሆነ። (ታክሱን ለማቅለል ትቼዋለሁ።) ግምቱን ለማጥራት ከግዢው ቀን ጀምሮ እስከ 12 ወር ጊዜ አለ።

ሂሳቡ ተገልብጦ የሚመጣበት ጊዜም አለ። የስዊዘርላንዱ ባንክ ዩቢኤስ እ.ኤ.አ. በ2023 የአገሩን ባንክ ክሬዲ ስዊስን በ3 ቢሊዮን ፍራንክ ገደማ ሲገዛ የተረከበው የተጣራ ሀብት ከከፈለው በብዙ በልጦ ነበር። እንዲህ ሲሆን ልዩነቱ ወዲያው ትርፍ ውስጥ ይገባል። አንድ ባለቤት ያላቸው ባንኮች ሲዋሃዱ ደግሞ ይህ የግዢ ሂሳብ ደንብ በሙሉ አይመለከታቸውም። በ2008 ዓ.ም. ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ከንግድ ባንክ ጋር ሲቀላቀል ሁለቱም የመንግሥት ነበሩ።

3. በየዓመቱ ፈትኑ

የቁጠባ ደንበኞቹ 300 ሚሊዮን በ6 ዓመት ቢከፋፈል በዓመት 50 ሚሊዮን ወጪ ነው። ጉድዊል ግን እንዲህ አይሸራረፍም። ቢያንስ በዓመት አንዴ ይፈተናል እንጂ።

ጉድዊሉን የያዘው የሥራ ክፍል በመዝገብ 4 ቢሊዮን ላይ ቆሟል እንበል። ወደፊት ሳያቋርጥ በየዓመቱ 840 ሚሊዮን ያስገባል ተብሎ ይገመታል። በ20 በመቶ የቅናሽ ምጣኔ (የወደፊቱን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ በሚያወርደው መቶኛ) ሲካፈል ዋጋው 4.2 ቢሊዮን ነው፤ ሰላም ነው። ምጣኔውን 24 በመቶ አድርጉት፤ 3.5 ቢሊዮን! ክፍሉ ቢሸጥም ከዚህ በላይ የማያወጣ ከሆነ 500 ሚሊዮን ኪሳራ ይመዘገብና ጉድዊሉ ወደ 1 ቢሊዮን ይወርዳል። በኋላ ነገሩ ቢሻሻል እንኳ የወረደው አይመለስም። የብሪታንያው ባንክ አርቢኤስ (ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ) እ.ኤ.አ. ለ2008 ከ24 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ሲከስር፣ ትልቁ ድርሻ የመጣው ከእንዲህ ዓይነቱ ቅነሳ ነበር።

4. ከካፒታሉ ላይ አውጡት

በባዝል ደንብ (ባንኮች ምን ያህል ካፒታል መያዝ እንዳለባቸው በሚወስነው ዓለም አቀፍ ደንብ) ጉድዊል ከባንኩ ዋና ካፒታል ላይ ይቀነሳል። አስቀማጭ ገንዘቤን ስጡኝ ሲል በዝና አይከፈለውም።

የባንክ ዓመታዊ ሪፖርት እጃችሁ ከገባ ስለ ጉድዊል የተጻፈውን ማስታወሻ ፈልጉና የቅናሽ ምጣኔውን ከአምናው ጋር አስተያዩ። ወለድ በጨመረበት ዓመት ምጣኔው ካልተነቃነቀ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።