የሩቁ ግንብ አልጠራ ሲል፦ የድሮ ሰፊ ሌንሶች ችግርና መፍትሄ

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሠርግ የሚያነሳ አንድ ልጅ ጎንደር ፒያሳ ቡና ከምጠጣበት ቤት ድረስ መጣ። ሌንሱን በፎጣ ጠቅልሎታል። «ጋሼ፣ ተሸወድኩ» አለ ገና ሳይቀመጥ። ሌንሱ ሚር-20ኤም የሚባለው የሶቪየት ባለ 20 ሚሊሜትር ሰፊ ሌንስ ነው፤ ብዙ ቦታ በአንዴ የሚያይ። ከቴሌግራም ነው የገዛው። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስኒ ጥርት አድርጎ ያነሳል። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሰው ግን ጉም የሸፈነው ያስመስለዋል። የፋሲል ግንብማ አይነሳ።

ሌንሱን ነቀልኩና ወደ ብርሃን አቅንቼ አየሁት። ንጹህ ነው። ጥፋተኛው የድሮውን ሌንስ ከካሜራው ጋር የሚያገናኘው ርካሽ ቀለበት፣ አዳፕተሩ ነበር። ልጁ ግን ሌንሱን በግማሽ ዋጋ የሚወስድለት ሰው አግኝቶ ጨርሷል።

ይህ ስለሚደጋገም ነው የምጽፈው። የድሮ ሰፊ ሌንስ ሲያስቸግር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሌንሱን ነው። እኔ መጨረሻ ላይ ነው የምጠረጥረው። በፊት አዳፕተሩ፣ ቀጥሎ የካሜራው ሴቲንግ፣ ከዚያ የራሴ አነሳስ።

ቅርቡ ይጠራል፣ ሩቁ አይጠራም

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ካሜራ ሌንሱ ከሚታሰርበት ቀለበት ምስሉን እስከሚቀበለው ሴንሰር ድረስ የራሱ ልክ አለው። የኒኮን ኤፍ ማሰሪያ 46.5 ሚሊሜትር ነው። ኤም 42 የሚባለው ጠመዝማዛ ማሰሪያ 45.46 ነው። ካኖን ኢኤፍ 44፣ የድሮው ካኖን ኤፍዲ 42። መስታወት አልባዎቹ (ሚረርለስ) ካሜራዎች በጣም ያጠሩ ናቸው፤ ሶኒ ኢ 18፣ ካኖን አርኤፍ 20፣ ኒኮን ዜድ 16።

የአዳፕተር ሥራ የጎደለውን ርቀት መሙላት ነው። የሚሞላው እንጂ የሚቀንሰው ነገር የለም። ስለዚህ የኤም 42 ሌንስ በኒኮን ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ባለው ካሜራ) ላይ ሩቅ አያይም። ካሜራው ራሱ ከሚፈለገው በአንድ ሚሊሜትር ይረዝማላ! የኤፍዲ ሌንስም በካኖን ዲኤስኤልአር ላይ እንደዚያው ነው። ሻጮች «ኧረ ውስጡ የሌንስ መስታወት ያለበት አዳፕተር አለው» ይላሉ። አለው። በሰፊ ሌንስ ላይ ግን ያቺ ትንሽ መስታወት ጥጎቹን ታበላሻለች። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

መስታወት አልባ ካሜራ ይዛችሁም ሩቁ ካልጠራ አዳፕተሩ ወፍሯል ማለት ነው። በምን ያህል? የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። አዳፕተሩ በ0.1 ሚሊሜትር ብቻ ቢወፍር፣ ማለትም በአንድ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረት፣ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ጥርት አድርጎ የሚያየው እስከ 25 ሜትር ገደማ ነው። ባለ 20 ሚሊሜትሩ ግን እስከ 4 ሜትር ብቻ! ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያተርፈው ብርሃን የሚያስገባውን የሌንሱን ቀዳዳ ስታጠቡት ነው። ያው አዳፕተር በ50ው ሌንስ ላይ «ምንም አይልም» ሲባል የኖረው ለዚህ ነው።

ፍተሻው ቀላል ነው። ጎሃ ሆቴል ያለበት ኮረብታ ላይ ውጡ። ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት። በስክሪኑ ላይ ከተማው መሃል ያለውን አንድ ግንብ አጉሉና የፎከስ ቀለበቱን ወደተኛችው 8፣ ወደ ሩቁ ምልክት አዙሩ። እየጠራ ሄዶ ሳይጠራ ከቆመ አዳፕተሩ ወፍሯል። ከምልክቷ በፊት ጠርቶ ካለፋችሁ በኋላ ከደበዘዘ ደግሞ ቀጥኗል።

ለቀጠነው መድኃኒት አለው። አዳፕተሩ በአብዛኛው ሁለት ቁራጭ ሆኖ በትንንሽ ብሎኖች የታሰረ ነው። ፈትታችሁ መሃሉ ላይ በቀለበት ቅርጽ የተቆረጠ ቀጭን ብረት ነክ ቴፕ ታስገባላችሁ። አንድ ዙር፣ ሙከራ፣ ካልበቃ ሌላ ዙር። ዙሪያውን እኩል ካልሆነ ሌንሱ ያዘነብላል፤ ሌላ ጣጣ ነው። ለወፈረው ግን ሌላ አዳፕተር መግዛት ይሻላል። በአሸዋ ወረቀት ፍቄ አስተካክላለሁ ያለ ሰው አውቃለሁ። አሁን አዳፕተሩን ለበር መደገፊያ ነው የሚጠቀምበት።

«ቢቀጥን ምን አለበት፣ ሩቁን አየሁ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ለብዙዎቹ ችግር የለውም። ውስጣቸው ከፎከሱ ጋር ለብቻው የሚንቀሳቀስ መስታወት ላላቸው ግን አለበት። ኒኮን ይህን ሲአርሲ ይለዋል፤ ባለ 20 ሚሊሜትሩ ኤፍ 2.8 ኒኮር (የኒኮን ሌንስ) ላይ አለ። ኤፍ የቀዳዳው ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል። አዳፕተሩ ከቀጠነ ሌንሱ ቅርብ የሚያይ መስሎት መስታወቱን ያንቀሳቅሳል። መሃሉ ጠርቶ ጥጉ ይደበዝዛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዜኒታር 16 የሚባለው የሩስያ የዓሣ ዓይን ሌንስ ከኋላው የሚጠልቅ ትንሽ ፊልተር አለው። ጌጥ አይደለም፣ የሌንሱ አካል ነው። «ምን ይሠራል» ብሎ የጣለው ሰው ካለ ሩቁ አይጠራም። ስትገዙ መኖሩን እዩ።

ሰፊ ነው ብለው ሸጡልኝ፣ ሰፊ አይደለም

ካሜራችሁ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ የድሮውን ፊልም ያህል) ካልሆነ አልተታለላችሁም። ሴንሰሩ ትንሽ ነው። ባለ 20ው ሌንስ በፉል ፍሬም ከጥግ እስከ ጥግ 94 ዲግሪ ያያል። በትንሹ የኒኮን ወይም የሶኒ ሴንሰር ላይ እንደ 30 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በካኖን 32። መፍትሄ የለውም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ሴንሰር ላለው ሰው የድሮ ሰፊ ሌንስ ግዛ አልልም። ለዚያ ሴንሰር የተሠራ ባለ 10–18 ዙም ይሻለዋል።

የሸወዱት አንድ ጊዜ ነው፦ በሌላ ሌንስ አፍንጫ ላይ የሚጠመዘዝ፣ «0.45» የተጻፈበት ነገር «ሰፊ ሌንስ» ተብሎ ሲሸጥ። እሱ ሌንስ አይደለም። ለብቻው ካሜራ ላይ አይታሰርም።

ካሜራው እንቢ አለ፣ ወይም ፎቶው ሁሉ ተንቀጠቀጠ

ካሜራው ሌንስ የታሰረበት ስላልመሰለው ነው እንቢ ያለው። ሜኑ ውስጥ «ያለ ሌንስ ማንሳት» የሚለውን ክፈቱለት። የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ቤተሰቦች ደግሞ ያነሳሉ፣ ግን ብርሃን አይለኩላችሁም። በእጅ ሞክሩ፣ እዩ፣ አስተካክሉ።

ቀዳዳው ቀለበቱን ብታዞሩትም አልጠብ ካለ የኤም 42 ሌንሱን ጀርባ እዩ። አንዲት ትንሽ ሚስማር አለች። እሷ ካልተጫነች ቀዳዳው አይዘጋም። ሌንሱ ላይ «ኤ» እና «ኤም» የሚል ማብሪያ ካለ ወደ ኤም አድርጉት። ከሌለ ሚስማሯን የሚጫን ከንፈር ያለው አዳፕተር ያስፈልጋችኋል።

መንቀጥቀጡ ግን ብዙ ሰው የማይደርስበት ነገር ነው። ሴንሰሩን እያወዛወዘ የሚያረጋጋ ካሜራ የሌንሱን ሚሊሜትር ማወቅ አለበት። የድሮ ሌንስ አይነግረውም። እናንተ በእጅ ታስገባላችሁ። ትናንት 50 ላይ ትታችሁት ዛሬ ባለ 20ውን ብታስሩ፣ ካሜራው ከሚገባው በላይ ያወዛውዛል። ራሱ ያደበዝዘዋል። 20 ብላችሁ ጻፉ። ሴንሰሩ ትንሽ ቢሆንም 20 ነው እንጂ 30 አይደለም።

አንዱ ጥግ ብቻ ደበዘዘ

የግንቡ ቅጥር ለዚህ ጥሩ መምህር ነው። ድንጋዩ አንድ በአንድ ይታያል። ቅጥሩ ፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ ቁሙና ቀዳዳውን ከፍታችሁ አንሱ። ከዚያ ካሜራውን ገልብጣችሁ ድገሙ። የደበዘዘው ጎን በስክሪኑ ላይ በዚያው ቦታ ከቀረ ሌንሱ ወይም አዳፕተሩ ነው። ወደ ሌላው ጎን ከዞረ እናንተ ናችሁ፤ ቀጥ ብላችሁ አልቆማችሁም። ሌንሱን በእጅ ነካ አድርጉት። የሚወዛወዝ ከሆነ አዳፕተሩ ላልቷል።

አራቱም ጥግ ደብዝዞ ወይን ጠጅ ቀለም ከያዘ ጉዳዩ ሌላ ነው። እንደ ሩሳር ኤምአር-2 ያሉ ሌንሶች፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ሚካኤል ሩሲኖቭ የነደፈው ነው፣ የኋላ መስታወታቸው ወደ ፊልሙ በጣም ይጠጋል። ፊልም ብርሃን በሰያፍ ቢመጣበት ግድ የለውም። ዲጂታል ሴንሰር ግድ አለው። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 11 ማጥበብ ድብዘዛውን ትንሽ ይረዳል፤ ቀለሙን ግን አያስተካክለውም። ጥቁርና ነጭ አድርጉት። እኔ እንደዚያ ነው የምወደው።

ሻጋታ

ጎንደር ክረምት ላይ ብርድ ልብሱ ራሱ እርጥብ እርጥብ ይላል። ሌንስም ሰው ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በቆዳ ማኅደር ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል።

ለማየት ቀዳዳውን ክፈቱና በስልካችሁ መብራት ከኋላ አብሩበት። ከፊት በሰያፍ እዩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካለ ሻጋታ ነው። እንደ ትንፋሽ ያለ ስስ ጭጋግ ከሆነ ከውስጡ ቅባት የተነነ ነው። ጠርዙ ላይ ቀስተ ደመና ከታየ የተጣበቁት ሁለት መስታወቶች ተላቀዋል፤ እሱን አትግዙ።

ጭጋግና አዲስ ሻጋታ በሰው እጅ ይጸዳል። የቆየ ሻጋታ ግን ሽፋኑን በልቶ ምልክት ይተዋል፣ አይለቅም። ጥቂት ክር በፎቶ ላይ አይታይም። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ነው ነጭ የሚሆነው።

እንዳይመጣ ሌንሱን ከቆዳ ማኅደሩ አውጡት። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምታገኟትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሰብስባችሁ ጨምሩ። ሩዝ አትጨምሩ፣ አቧራ ነው። «ፀሐይ ይገድለዋል» ብላችሁ ደግሞ ክፍት ሌንስ ደጅ አታስጡ። ፀሐይን አንድ ቦታ ሰብስቦ ጨርቅ ያቃጥላል። ከስሜን ተራራ ብርድ ወርዳችሁ ሞቃት ክፍል ስትገቡም ቦርሳውን ወዲያው አትክፈቱ። ሰዓት ያህል ይቆይ።

ቀለበቱ ደረቀ

ጠዋት በታኅሣሥ ብርድ ፎከሱ አልዞር ካለ የውስጡ ግሪስ ደርቋል። እዚህ ላይ ኃጢአቴን ልናዘዝ። እኔ የመጀመሪያዬ ላይ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረግኩበት። ለሳምንት ቅቤ ሆነ። ከዚያ ዘይቱ ሄዶ ቀዳዳውን የሚዘጉት ስስ ቅጠሎች ላይ ደረሰ፤ እርስ በርስ ተጣበቁ። ለማሳጠብ የከፈልኩት ከሌንሱ ዋጋ በለጠ። ለበር ማጠፊያ የሚነፋውም ያው ነው። ደረቅ ቀለበት ይዞ መሥራት ይቻላል። ዘይት የነካ ቅጠል ግን አያሠራም።

ግንቡ ወደ ኋላ ወደቀ

ይህ የአነሳስ ችግር ነው። ካሜራውን ቀና ባደረጋችሁ ቁጥር የግንቡ ማማዎች ወደ ላይ ይጠባሉ። ካሜራውን ልክ አግድም ያዙ፣ ወደ ኋላ ሂዱ፣ ከታች የተረፈውን ሣር በኋላ ቁረጡት።

በጥምቀት ፋሲል መዋኛ ላይ ደግሞ ጥግ የቆመ ሰው ፊቱ ይለጠጣል። ዲያቆኑን መሃል አድርጉ፣ ጃንጥላውን ለጥግ ተዉት። ጃንጥላ ቢለጠጥ ማንም አይቀየምም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ለማንሳት ፍላሽ አታብሩ። አባቶችን አስፈቅዱ፣ ካሜራውን ደረታችሁ ላይ አስደግፉ፣ ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ይሁን። ደጅ ላይ ኤፍ 8 በቂ ነው። ኤፍ 22 ላይ መልሶ ይደበዝዛል።

ሰማዩ ግማሽ ጥቁር ሰማያዊ ግማሽ ነጭ ከሆነ የፖላራይዘር ፊልተራችሁን አውልቁት። በዚህ ስፋት ሰማዩን ሁሉ እኩል ሊያጠቁር አይችልም።

ሳትከፍሉ በፊት

ፎቶ አይበቃም፣ ቪዲዮ ይላክላችሁ። በውስጡ መብራት እየበራ፣ ቀለበቱ ከጫፍ ጫፍ እየዞረ፣ ቅጠሎቹ ሲዘጉና ቶሎ ሲከፈቱ። የጀርባው ማሰሪያ በደንብ ይታይ። «የኒኮን ነው» ተብሎ ኤም 42 የሚላክበት ጊዜ አለ። ታምሮን ኤስፒ 17 ከሆነ ማሰሪያው ስለሚቀየር ብዙ አትጨነቁ፤ ብቻ ማሰሪያው አብሮ መኖሩን ጠይቁ። ከኒኮር 20ዎቹ እኔ ኤፍ 4ቱን ወይም ኤአይ ኤፍ 3.5ቱን እመርጣለሁ። ትንንሾች ናቸው፣ ፊልተራቸው ተራው 52 ሚሊሜትር ነው፣ በኪስ ይገባሉ። አሮጌው ኤፍ 3.5 ዩዲ ግን 72 ይፈልጋል፣ ከባድም ነው።

የአዳፕተሩን ዋጋ ከሌንሱ ዋጋ ጋር ደምሩት። ለዚያ ልጅ የኔን አዳፕተር አዋስኩት። ሌንሱን አልሸጠም። አዳፕተሩን ግን እስካሁን አልመለሰልኝም።