የተማሪዎች ቴአትርና ሙዚቃዊ ድራማ ስናዘጋጅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰኔ ሲቃረብ በባሕር ዳር ትምህርት ቤቶች የድራማና የሚኒ ሚዲያ ክበባት ለወላጆች ቀን ሽር ጉድ ይላሉ። ሥራውን የሚመራው መምህር ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው፤ ደራሲም፣ አዘጋጅም፣ የድምፅ ባለሙያም ራሱ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ግን ከሥራ ብዛት የሚመጡ አይመስሉኝም። የሚመጡት ልጆቹን ትተን ዝግጅቱን ስናስቀድም ነው።

ያሉትን ልጆች ሳያዩ ድርሰት መምረጥ። ለጎልማሳ ተዋንያን የተጻፈ የሁለት ሰዓት ተውኔት አምጥቶ ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ማደል የተለመደ ነው። ሠላሳ አባላት ላሉት ክበብ አምስት ገጸ ባሕርያት ያሉት ድርሰት ከተመረጠ ሃያ አምስቱ ወንበር ደርዳሪ ሆነው ይቀራሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ መምጣት ይተዋሉ። ገበያተኛ፣ ሠርገኛ ወይም ለቀስተኛ ያለበት፣ ከአርባ ደቂቃ የማይበልጥ ታሪክ ይሻላል። ሕዝብ መድረክ ላይ ሲኖር ለዘፈኑም ምክንያት ይገኝለታል። ከዚሁ ከጎጃም፣ ከደብረ ኤልያስ የወጡት ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ አዲስ አበባ ሲያስተምሩ ተማሪዎች የሚጫወቱትን ተውኔትና መዝሙር ራሳቸው ይጽፉ ነበር። እናንተም ለልጆቻችሁ ለመጻፍ አትፍሩ። የሌላ ሰው ሥራ ከመረጣችሁ ደግሞ ፈቃድ ጠይቁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ድርሰትንም ዜማንም ይጠብቃል። «የትምህርት ቤት ሥራ ነው፣ ማን ያየናል» ማለት ለልጆቹ የሰው ሥራ መውሰድን ማስተማር ነው።

መልእክቱን በምክር መዝጋት። ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ስለ ስደት ወይም ስለ ሱስ የሚሠራው ድራማ ሁሉ መጨረሻ ላይ ሐኪም ወይም ሽማግሌ ያስገባና ወደ ተመልካቹ አዙሮ ያስመክራል። ያለዕድሜዋ የምትዳረው ልጅ ደብተሯን ለታናሽ ወንድሟ ስታስረክብ ተመልካቹ ነገሩን አይቶታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ንግግር ያንን ያደበዝዘዋል። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ለማሳቅ ሲባል የገጠር ሰውን አነጋገር ማጣመምና ቡትቶ ማልበስ ነው። ከዘጌ፣ ከደቅ ወይም ከአቸፈር መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከእናቱ እያስመጣ የሚማር ልጅ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። የሚሳቀው በአባቱ አነጋገር ነው። እንዲያውም የዚያ ልጅ አማርኛ ለመድረክ የሚመች፣ ተረትና ምሳሌ የጠገበ ነው፤ ተዋናይ አድርጉት።

ሳይገባቸው ማስሸምደድ። ቃል ጥናት ከመጀመሩ በፊት ክብ ሠርታችሁ ደጋግማችሁ አንብቡ። እያንዳንዱ ልጅ «ይህ ሰው እዚህ ቦታ ምን ፈልጎ ነው የመጣው?» የሚለውን በራሱ አፍ ይመልስ። «እኔን እያችሁ እንዲህ በሉ» የሚል አዘጋጅ በመምህሩ ድምፅ የሚናገሩ ሃያ ልጆች ያፈራል። ልጁ ቃሉን ቢረሳ እንኳ የሚፈልገውን የሚያውቅ ከሆነ በራሱ ቃል ይሻገረዋል፤ ሸምድዶ ብቻ ከሆነ ግን ደርቆ ይቀራል።

ወደ ዘፈኑ ስንመጣ ስህተቱ ይበዛል። ዋናው ዜማውን ዘፋኙ በቀረጸበት ከፍታ ልጆቹን ማስዘፈን ነው። በ13 እና በ14 ዓመታቸው የብዙ ወንዶች ልጆች ድምፅ መጎርነን ይጀምራል፤ ልጁ በጥቅምት ያለችግር የያዘው ዜማ በየካቲት አልደርስለት ሊል ይችላል። ያኔ ልጁን መቆጣትም ከሚናው ማውጣትም አይገባም፤ ዜማውን ዝቅ ማድረግ ነው። ማሲንቆ የሚመታ ልጅ ካለ ጭራውን ላላ አድርጎ በዘፋኙ ድምፅ ይቃኝለታል፤ በኪቦርድ ከሆነ ደግሞ ትራንስፖዝ የሚለው ቁልፍ ይህንኑ ይሠራል። በየወሩ ድምፃቸውን ፈትሹ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ልጆቹ ከቤታቸው ጀምሮ በጆሯቸው የለመዷቸው ቅኝቶች ስለሆኑ ቶሎ ይይዟቸዋል። ሆኖም በአንድ ትዕይንት ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል ለጀማሪ ይከብዳል። ሌላው እስክስታ እየመቱ ዘፍኑ ማለት ነው። እስክስታ ትከሻና ደረትን ይዞ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ስለዚህ ግማሹ ሲጨፍር ግማሹ ይዝፈን፣ ከዚያ ይለዋወጡ። ዘፈኑን ለብቻ አስጠንቶ በመጨረሻው ሳምንት ከድራማው ጋር ማጋጠምም አያዋጣም፤ ከንግግር ወደ ዜማ መሻገሪያው ራሱ ረጅም ልምምድ የሚፈልግ ቦታ ነው።

ማይክ ላይ መደገፍ። ሁለት ማይክ ለአሥር ልጆች ሲሆን ተመልካቹ የሚያየው የማይክ ቅብብሎሽ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ያበቃል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ልጅ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሳይሰማ ሲቀር እጁን ያንሣ። የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ የሰኔ ዝናብ ሲወርድ ግን ማንም አይሰማም፤ ዝናቡ የሚበዛው ከሰዓት በኋላና ሌሊት ስለሆነ ጠዋት ማሳየት ወይም ዝግጅቱን ወደ ሚያዝያ ማምጣት ነው። ጣና ዳር ሜዳ ላይ የምታሳዩ ከሆነ ተዋንያኑ ሐይቁን ከጀርባቸው ያድርጉ፤ ቀን ቀን ከሐይቁ ወደ የብስ የሚነፍሰው ነፋስ ድምፃቸውን ወደ ተመልካቹ ይወስደዋል። ሙሉዓለም የባህል ማዕከልን የመሰለ ሰፊ አዳራሽ ካገኛችሁ ደግሞ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ገብታችሁ ልጆቹ መድረኩን ይራመዱበት።

ወላጅን ለዝግጅቱ ቀን ብቻ መጥራት። ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ የልምምዱን ሰዓት በጽሑፍ ለቤተሰብ አሳውቁ፤ ሴቶች ልጆች ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ቤታቸው ይድረሱ፤ ከዋና ሚና የሚቀሩትም አብዛኛውን ጊዜ ልምምዱ ስለሚያመሽ ነው። «ልጄን አዝማሪ ልታደርጓት ነው?» የሚሉ እናት ሲመጡ በክርክር አትመልሷቸው። «እማማ፣ ቅዳሜ ይምጡና ይዩ» በሏቸው። ከመጡ የልጃቸውን ልብስ ለመስፋት፣ ቀሚሷን ለመምረጥ፣ የሠርጉን ዘፈን ለማረም ከእሳቸው የተሻለ ሰው አታገኙም።