ከፍለው የጨረሱት ብድር «አልተከፈለም» ከተባለ

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ሱቃቸውን ለማስፋት ብድር የሚጠይቁ ጎረቤቶች ስላሉኝ ይህችን ልንገራችሁ። ባንክ ብድር ከመፍቀዱ በፊት በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ታሪካችሁን ያያል። እዚያ ያልተከፈለ ዕዳ ከታየ፣ ከፍላችሁ ጨርሳችሁም ቢሆን ጉዳዩ ሊቆም ይችላል።

«ታሪክዎ ጥሩ አይደለም» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትውጡ። የየትኛው ባንክ ብድር ነው? ስንት ብር? ጠይቁ። መረጃውን የሚልከው አበዳሪው ስለሆነ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ አበደራችሁ ቅርንጫፍ ነው።

በቃል አትጨቃጨቁ፤ ማመልከቻ ጻፉ። የውሉን ቁጥር፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁን፣ የመጨረሻውን ክፍያ ደረሰኝና ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚገልጸውን ደብዳቤ ኮፒ አያይዙ። ኦሪጅናሉን እባካችሁ ለማንም አትስጡ። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አድርጉት፤ እናንተ ጋ በሚቀረው ላይ መዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ያድርግበት። ነገ «አልደረሰንም» እንዳይሏችሁ የሚያደርገው እሱ ነው። የደረሰኝ ቀለም ስለሚለቅ ዛሬውኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ዕዳው እውነት ከሆነ ግን መክፈል ነው፤ ማመልከቻ አያነሳውም። መልስ ከዘገየ ማህተም ያለበትን ይዛችሁ ወደ ባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ቅሬታ ሰሚ ክፍል ሂዱ። እዚያም ካልተፈታ ብሔራዊ ባንክ አቤቱታ ይቀበላል።